የሞተር የውሃ ቱቦ ሲፈነዳ

ሰው ሲሠራ ይሞቀዋል፡፡ ሲሞቀው ያልበዋል፤ ላቡም ገላውን ያቀዘቅዘዋል፡፡ በሬም ከጠዋት እስከ ቀትር ሲጎትት ከዋለ ያለከልካል፡፡ ገበሬው ይህን አይቶ ይፈታዋል፤ ጥላ ሥር ያቆመዋል፤ ውሃ ያጠጣዋል፡፡ ሞተር ግን ላብ የለውም፡፡ ደከመኝ ብሎ አይለግምም፤ አያለከልክም፡፡ የሚያቀዘቅዘው ካጣ እስኪቃጠል ድረስ ይሠራል፡፡

በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ሞተር እንዳይቃጠል ስለሚያደርግ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፡፡ ይኸውም ከጎማ የተሠራው የውሃ ቱቦ ነው፡፡ አንዳንድ መካኒኮች ማኒኮቶ ይሉታል፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፡፡

«እኔ መኪና የለኝ፤ ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ነገር ግን እህላችን ገበያ የሚደርሰው በአይሱዙ ተጭኖ ነው፡፡ አንዳንዱ ቦታ መሬቱን የሚያርሰው ትራክተር ነው፡፡ ደግሞም መኪና መንገድ ላይ ቆሞ በጨሰ ጊዜ ሾፌሩ ውሃ የሚለምነው ቅርብ ካለው የገበሬ ቤት ነው፡፡ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠው የገበሬ ልጅ ነው፡፡ የፈላ ውሃ ሲፈናጠር ደግሞ ይህ ባለመኪና ነው፣ ይህ ውሃ አቀባይ ነው ብሎ አይለይም፡፡

እንግዲህ ሥራውን እንመልከት፡፡ ነዳጅ በሞተር ውስጥ ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት ሁሉ ሥራ አይሆንም፡፡ እንደ ድሮ ምርት ይከፋፈላል፡፡ ሲሶ ያህሉ መኪናውን ይገፋል፡፡ ሲሶ ያህሉ በጭስ ማውጫው በኩል ይሄዳል፡፡ የቀረው ሲሶ ገደማ የሞተሩን ብረት ያግለዋል፡፡ ይህን ሦስተኛውን ሲሶ የሚወስድለት ከሌለ ብረቱ ይጣመማል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል፡፡

የሚወስደው ውሃ ነው፡፡ በሞተሩ ፊት ራዲያተር የሚባል፣ ነፋስ በመካከሉ የሚያልፍበት፣ ቀጫጭን መስመር የበዛበት ብረት አለ፡፡ ፖምፓ የሚባለው መሣሪያ ውሃውን ይገፋዋል፡፡ ውሃው በሞተሩ ብረት ውስጥ በተሠራለት መንገድ ሲያልፍ ሙቀቱን ይሸከማል፡፡ በላይኛው ቱቦ በኩል ወደ ራዲያተሩ ይመጣል፤ ነፋስ ይመታውና ይበርዳል፤ በታችኛው ቱቦ በኩል ተመልሶ ይገባል፡፡ እንስራ ተሸክማ በወንዝና በቤት መካከል እንደምትመላለስ ሴት ነው፡፡ ልዩነቱ ውሃው በየደቂቃው ብዙ ጊዜ መመላለሱ ነው፡፡

ታዲያ ቱቦው ለምን ከብረት አልተሠራም? ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ራዲያተሩ ግን ከመኪናው አካል ጋር ታስሯል፡፡ ሁለቱን በብረት ቢያያይዟቸው ብረቱ ባጭር ጊዜ ይሰነጠቃል፡፡ ጎማ ግን ይተጣጠፋል፡፡ ጎማ መጀመሪያ ከዛፍ የሚወጣ ወተት መሰል ፈሳሽ ነበር፤ በሙቀት ይሟሟል፣ በብርድ ይደርቃል፡፡ ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አድርጎ ማሞቅ እንደሚያጠነክረው ደረሰበት፡፡ የዛሬው ቱቦ ደግሞ ሙቀትን አብልጦ እንዲችል በፋብሪካ ከተዘጋጀ ጎማ ይሠራል፡፡ በመካከሉም እንደ ድርና ማግ የተሸመነ ክር አለው፡፡ ቱቦው እንዳይነፋ የሚይዘው ይህ ክር ነው፡፡

ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም፡፡ ሊስተር በሚባሉት የቆዩ የወፍጮ ሞተሮች ዘንድ በራዲያተር ፈንታ ትልቅ በርሜል ይገኛል፡፡ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ፣ የበረደው ወደ ታች እየሄደ ያለ ፖምፓ ራሱ ይዞራል፡፡ በርሜሉ ክፍት ስለሆነ ቱቦው ቢቀደድ ውሃው ይፈስሳል እንጂ አይፈነዳም፡፡ ውሃ ከላያቸው ባለ ክፍት ሣጥን ውስጥ የሚፈላባቸው ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮችና በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዙ የመስኖ ሞተሮች ለማቀዝቀዣ የሚሆን ቱቦ የላቸውም፡፡ አደገኛው ክዳኑ ተጠርቅሞ የሚሠራው የመኪናና የትራክተር ሞተር ነው፡፡

ክዳኑ ለምን እንደሚጠረቀም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና፡፡

ውሃ በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው፡፡ ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ውሃው ቶሎ ይፈላል፡፡ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፡፡ ከፍታው 2400 ሜትር ገደማ በሆነ አገር ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፡፡ ንፍሮ ደጋ ላይ ከቆላ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚፈጀው ለዚህ ነው፤ ውሃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፡፡ የመኪና ሞተር ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፡፡ እንግዲያው በደጋ አገር ክዳን ባይኖር ትንሽ ዳገት እንኳ ውሃውን ያፈላው ነበር ማለት ነው፡፡

ስለዚህ ክዳኑ በሞላ ተጭኖ ውሃውን ያፍነዋል፡፡ አፈናው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው፡፡ እንዲህ የታፈነ ውሃ በደጋም ቢሆን 110 ዲግሪ ደርሶ ሳይፈላ ይቆያል፡፡ ድንጋይ የተጫነበትን ድስት አስቡ፡፡ ድንጋዩን በድንገት ብታነሡት ምን ይሆናል? የጋለ ሞተር ክዳን የተከፈተ እንደሆነም እንዲሁ ነው፡፡ አፈናው በቅጽበት ይጠፋል፤ ከውሃው ከፊሉ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፡፡ አንድ ስኒ ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1600 ስኒ ያህል ቦታ ይፈልጋል፡፡ ይህ ሁሉ የሚወጣው ጎንበስ ብሎ ክዳኑን በሚፈታው ሰው ፊት ላይ ነው፡፡ «እኔ ስንት ዘመን ስከፍት ኖሬያለሁ» የሚል ረዳት አይጠፋም፡፡ የከፈተው ግን ሞተሩ በርዶ ሳለ ወይም ውሃው አልቆ ሳለ ሊሆን ይችላል፡፡ ዓይን ደግሞ ሁለት ብቻ ናት፡፡

አሁን ወደ ቱቦው እንመለስ፡፡ ይህን አፈናና ይህን ሙቀት ቀን ከሌት የሚችለው እሱ ነው፡፡ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ ውሰዱ፡፡ ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፡፡ እህል የጫነ መኪና በዝግታ ይወጣል፤ ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል፤ ፊቱን የሚመታው ነፋስ ግን ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ቆላው ይፋጃል፡፡ ያረጀ ቱቦ የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ቦታ እንጂ በሜዳ ላይ አይደለም፡፡

ያረጀ ቱቦ ግን ሳይናገር አይፈነዳም፡፡ የሚናገረውን መስማት ነው እንጂ፡፡ ሞተሩ በርዶ ሳለ፣ በተለይ ጠዋት ሳይነሣ፣ ቱቦውን በእጅ ጨብጦ መፈተሽ ይገባል፡፡ ጤነኛ ቱቦ ሲጨብጡት ይሸሻል፤ ሲለቁት ይመለሳል፡፡ እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሮ የሚንኳኳ ከሆነ ሙቀት አድርቆታል፡፡ እጅ ላይ የሚለጠፍና የላላ ከሆነ ዘይት ወይም ናፍጣ ሲንጠባጠብበት ኖሯል ማለት ነው፡፡ እንቁራሪት እንደዋጠ እባብ አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ከሆነ በመካከሉ ያለው ክር ተበጥሷል፤ እንዲህ ያለው ቱቦ ለነገ አይባልም፡፡ በማሰሪያው አጠገብ ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ልቃቂ ከታየም ውሃው ማምለጥ ጀምሯል፡፡ ቱቦው ከሌላ ብረት ጋር እየታሸ የተላጠበት ቦታ ካለ እሱም መታየት አለበት፡፡

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፡፡ ቱቦ ከውስጥም ይበላል፡፡ ሁለት ዓይነት ብረትና በመካከላቸው ያለ ፈሳሽ እንደ ባትሪ ድንጋይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፡፡ ይህም ጎማውን በተለይ ከብረቱ ጋር በተያያዘበት ጫፍ በኩል ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ውጪው ግን ለስላሳ መስሎ ይታያል፡፡ ስለዚህ መካከሉን ብቻ ጨብጦ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም፡፡ ከሁለቱም ጫፍ ሦስት ጣት ያህል ገባ ብሎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን ጫን ማድረግ ነው፡፡ ጫፉ ከመካከሉ ይልቅ ከላላ፣ ወይም ስንጥቅ ከተሰማ፣ ቱቦው ይለወጥ፡፡

በዚህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠነቀቁት መኪና የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች ናቸው፡፡ በጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ የውድድር መንገድ አለ፡፡ የቆየው ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ተራ ሰዎችም ገንዘብ እየከፈሉ የራሳቸውን ፈጣን መኪና ይነዱበታል፡፡ በእንዲህ ያለ ቦታ ሞተሩ እንደ ዓባይ ዳገት ያለ ሥራ ያለማቋረጥ ይሠራል፡፡ አንዳንዱ ፈጣን መኪና ሞተሩ ከነጂው በስተኋላ፣ ራዲያተሩ ደግሞ ከፊት ስለሆነ ውሃው በረጅም መስመር ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ መጋጠሚያው ይበዛል፤ የሚያፈስሰውም ቦታ ይበዛል፡፡ ቱቦ የፈነዳበት ነጂ እንደምንም ብዬ ቤቴ ልድረስ አይልም፡፡ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወዲያው ይቆማል፡፡ የሚፈስሰው ፈሳሽ መንገዱን ያሙለጨልጫልና ከኋላ የሚመጣው መኪና ይንሸራተታል፡፡ እንዲያውም ግላይኮል የሚባለው መድኃኒት የተቀላቀለበት የሞተር ውሃ በጣም አሙለጭላጭ ስለሆነ በብዙ የውድድር ቦታ ክልክል ነው፡፡ በኛም አገር ጠመዝማዛ ዳገት ላይ እያፈሰሱ መሄድ ከኋላ ለሚመጣው ባለሞተር ብስክሌት አደጋ ነው፡፡

ከነዚሁ ሰዎች ሌላም ልማድ መማር ይቻላል፡፡ በኃይል ሲነዱ ቆይተው ሞተሩን በድንገት አያጠፉም፡፡ አንድ ዙር በዝግታ ነድተው ያበርዱታል፡፡ ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፤ በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ግን ጥቂት ደቂቃ ቆሞ የቀረውን ውሃ ማሞቁን ይቀጥላል፡፡ ስለዚህ መኪና ዳገት ወጥቶ ሙቀቱ ከፍ ቢል፣ ውሃው ግን ካልፈሰሰ፣ ቆሞ ሞተሩን በዝግታ ጥቂት ማሠራት ይሻላል፡፡ ቱቦው ከፈነዳና ውሃው ከፈሰሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ የሚዞር ውሃ የለም፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ብረቱን ያቃጥላል፡፡ ወዲያው ማጥፋት ነው፡፡ እነዚህን ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፡፡

ሾፌሩ በሙቀት መለኪያው ብቻ አይመን፡፡ መለኪያው የሚያውቀው ውሃ ሲነካው ነው፡፡ ውሃው ከቦታው ካለቀ ቀስቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ሾፌሩም በረደ ብሎ ይነዳል፤ በዚህ መካከል ሞተሩ ይሞታል፡፡ ነጭ እንፋሎት፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ከመለኪያው ይበልጥ እውነት ይናገራሉ፡፡

እንግዲህ ፈነዳ እንበል፡፡ መኪናው ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፡፡ ልጆች ይራቁ፡፡ እንፋሎቱ ሳያቆም የሞተሩን መክደኛ ማንሣት አይገባም፡፡ ከዚያ መጠበቅ ነው፡፡ ግማሽ ሰዓት ብዙ ጊዜ አይበቃም፡፡ የራዲያተሩን ላይኛ ክፍልና ቱቦውን ባዶ እጅ ሳይቃጠል ይዞ መቆየት እስኪችል ድረስ ክዳኑ አይነካ፡፡ ሲከፈትም ወፍራም ጨርቅ ደርቦ፣ ፊትን አዙሮ፣ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ዞር ማድረግ ነው፡፡ እስስ የሚል ድምፅ ካለ ትቶ መጠበቅ፤ ድምፁ ሲጠፋ ማውለቅ፡፡

ውሃ ይዛችሁ የመጣችሁ ሰዎች ደግሞ በችኮላ በሞተሩ ላይ አትድፉት፡፡ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋበት ምን እንደሚሆን እናቶች ያውቃሉ፡፡ የሞተር ብረትም እንዲሁ ይሰነጠቃል፡፡ በቅንነት የቀረበ አንድ ጀሪካን ውሃ የሰውን ንብረት ሊያጠፋ ይችላል፡፡

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ቀዳዳው ይፈለጋል፡፡ የተቀደደው ጫፉ ላይ ከሆነና ቱቦው ረዘም ያለ ከሆነ፣ በካቻቢቴ ማሰሪያውን አላልቶ፣ የተበላሸውን ጫፍ በቢላዋ ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን መልሶ አስገብቶ ማጥበቅ ይቻላል፡፡ የተቀደደው መካከሉ ላይ ከሆነ ቦታው ይጠረግና ይደርቅ፡፡ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ይቆረጥ፡፡ ከቀዳዳው አራት ጣት ያህል ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ በኃይል እየሳቡ፣ አንዱን ዙር በሌላው ግማሽ ላይ እየደረቡ፣ ከቀዳዳው አራት ጣት ያህል እስኪያልፍ መጠምጠም ነው፡፡ የተሰበረ እግር እንደሚያሥር ወጌሻ ማለት ነው፡፡ ዳርና ዳሩ በሽቦ ይታሠር፤ ሽቦው ግን ጎማውን እንዳይቆርጠው፡፡

ውሃው ቀስ ተብሎ ይሞላ፡፡ ክዳኑም እስከ መጨረሻው ሳይጠብቅ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቆይ፤ አፈናው ሲቀንስ እሽጉ አይበጠስም፡፡ ዋጋው ግን እንዳለ አይረሳ፡፡ አፈና ሲቀንስ በደጋ ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ስለዚህ መኪናው ቀስ ብሎ፣ ጭነቱ ቢቻል ቀንሶ፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ እየቆመ ይሂድ፡፡ ይህ እስከ ቅርቡ ከተማ ለመድረስ ነው እንጂ ከርሞ ለመሥራት አይደለም፡፡ ከተማ ሲደርስ የዚያው ሞተር ዓይነት፣ ቅርጹ የተካከለ አዲስ ቱቦ ይገዛ፡፡ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ቱቦ አይሆንም፡፡ በተለይ ታችኛው ቱቦ ፖምፓው ስለሚስበው ስስ ከሆነ ይጨማደዳል፤ አንዳንዱ ውስጡ የሽቦ ጥምዝ ያለው ለዚህ ነው፡፡

የሞቀ ውሃ ሰውን ካገኘው ቅቤ፣ አመድ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ፡፡ እነዚህ ሙቀቱን ያፍናሉ፤ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ፡፡ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል እየፈሰሰበት ይቆይ፡፡ ከገላው ጋር ያልተጣበቀ ልብስና ቀለበት ይውለቅ፡፡ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው፡፡ ፊትና ዓይን ከሆነ አንድ ሰዓትም አይዘግይ፡፡

አንድ ነገር ቀረ፤ ለቤተሰብ ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነው፡፡ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚፈስሰው የሞተር ውሃ ብዙ ጊዜ ግላይኮል አለበት፡፡ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላና ብረቱ እንዳይዝግ ይረዳል፤ ለሞተሩ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው፡፡ ውሻ፣ ጥጃና ሕፃን ጣፋጭነቱን እንጂ መርዝነቱን አያውቁም፡፡ የጠጣው ሰው በመጀመሪያ ደህና መስሎ ይቆይና ኩላሊቱ ሊጠፋ ይችላል፡፡ ስለዚህ ልጅ ከጠጣ «ምንም አልሆነም» ሳይባል ወዲያው ወደ ሐኪም ይወሰድ፡፡ የፈሰሰው አፈር ይለበስ፤ ወንዝና ምንጭ ውስጥ አይደፋ፡፡ ይህ ፈሳሽ የነበረበት ጀሪካን ቢያምርም ቢጠነክርም፣ መቶ ጊዜ ቢታጠብም፣ የመጠጥ ውሃ፣ ጠላ ወይም ዘይት አይያዝበት፡፡

ጥያቄ

1. ውሃ በደጋ አገር ከቆላ ቀድሞ የሚፈላው ለምንድን ነው?
2. መኪናው ሞቆ ውሃው ሳይፈስስ ሲቀርና ቱቦው ፈንድቶ ውሃው ሲፈስስ፣ በየትኛው ጊዜ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል? ለምን?
3. የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ታች ሲወርድ ሾፌሩን የሚያታልለው መቼ ነው?
4. በቤታችሁ ያሉትን ጀሪካኖች ቁጠሩ፡፡ እያንዳንዱ ከመገዛቱ በፊት ምን ነበረበት?
5. በቀበሌያችሁ ካሉት ሞተሮች የማቀዝቀዣ ቱቦ ያላቸው የትኞቹ ናቸው? ጠዋት ሳይነሡ ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ የቱቦውን ሁለት ጫፍ ጨብጡ፤ ያገኛችሁትንም በደብተራችሁ ጻፉ፡፡